ይህን የላኩት እርስዎ ነዎት?

የመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ሦስት ጥበቃዎች አሉ። አንደኛው ቦርሳ ይበረብራል፣ ሁለተኛው በመኪና ሥር መስታወት እያስገባ ያያል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ በትክክል መሥራታቸውን እየተከታተለ ፀሐይ ይሞቃል። የወለደችኝ እናቴ እንኳ ብትመጣ መታወቂያዋን ሳታስይዝ አትገባም። ከውስጥ ግን የከተማውን ውሃ የሚያከፋፍሉት ኮምፒውተሮች የይለፍ ቃል «ውሃ» ነበር። እንደተቀጠርኩ «ይህ ነገር ይቀየር» ብዬ አመለከትኩ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ሻይ ተጠጣ፣ ሰፊ ውይይት ተደረገና «ውሃ1» ተባለ።

ሥራዬ የኔትወርክ ደኅንነት ነው። ሰው ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ «ኮምፒውተር ውስጥ ሌባ እንዳይገባ እጠብቃለሁ» እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ የተሰበረ ስልክ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ሌባው አያስቸግረኝም። ሌባ ቢያንስ ሥራውን ያውቃል። የሚያስቸግረኝ የራሴ ሰው ነው። የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ስክሪኑ ላይ የሚለጥፈው፣ ኮምፒውተሩ «ልታደስ» ባለው ቁጥር «በኋላ» እያለ ዓመቱን የሚጨርሰው፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ፍላሽ «እስቲ ምን አለበት» ብሎ የሚሰካው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋናው አሉ። ዋና ሥራ አስኪያጃችንን ባጭሩ «ዋናው» ነው የምንላቸው። ዋናው ከጥበቃ ደንብ ሁሉ ነፃ ናቸው። ሌላው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ሲከፍት የይለፍ ቃል ካስገባ በኋላ ስልኩ ላይ በሚመጣለት ቁጥር ዳግመኛ ማንነቱን ያረጋግጣል። እሳቸው «አንድ ሥራ አስኪያጅ ራሱን ለማሽን ሁለት ጊዜ አያስተዋውቅም» አሉና ደንቡ ተነሣላቸው። የሁላችንም ሥራ በየቀኑ ለብቻው በተቀመጠ ማሽን ላይ መጠባበቂያ ቅጂ ይያዝለታል፤ አንድ ነገር ቢጠፋ ከዚያ እንመልሰዋለን። እሳቸው ግን «የእኔን ላፕቶፕ ማንም አይጎረጉራትም» ብለው ከለከሉ። ላፕቶፗ ውስጥ ስለ አመራር ጥበብ መጽሐፍ እየጻፉ ነበር። ይህን የምናውቀው ሰልለን አይደለም፤ በየስብሰባው ምዕራፍ ምዕራፉን ስለሚያነቡልን ነው።

ባለቤቴም እዚያው ነው የምትሠራው። የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ ናት፤ የከተማው ቤት ሁሉ የውሃ መስመር የሚከፈተውና የሚዘጋው እሷ ክፍል ባሉት ኮምፒውተሮች ነው። የተዋወቅነውም እንደዚያው ነው፤ ኮምፒውተሯን ላስተካክል ሄጄ በዚያው ቀረሁ።

ጣጣው የመጣው በልምምድ ነው። በእኛ ሙያ የተለመደ ነገር ነው፤ ሌባው የሚልከውን ዓይነት የውሸት መልእክት ራስህ አዘጋጅተህ ለሠራተኛው ትልካለህ፣ ማን ሳያጣራ እንደሚከፍት ታያለህ፣ የተሸወደውን ታሠለጥናለህ። ዕቅዱን ለዋናው አቀረብኩ፤ ሳያነቡ ፈረሙ። ሳያነቡ መፈረማቸውን በምን አወቅህ ብትሉኝ፣ ዕቅዱ «መልእክቱ በእርስዎ ስም ይላካል» ይል ነበር። ቢያነቡት ኖሮ ዛሬ ይህን የምተርከው ከሌላ መሥሪያ ቤት ሆኜ ነበር።

በስማቸው እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ማንኛውም ሠራተኛ ከዚህ በታች ያለውን ተጭኖ የይለፍ ቃሉን በአስቸኳይ ያስገባ። በማይፈጽም ላይ እርምጃ ይወሰዳል።» የሳቸውን አጻጻፍ መቅዳት ቀላል ነው። ሰላምታ የለውም፣ ምስጋና የለውም፣ እርምጃ አለው።

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከፈተው። ሒሳብ ክፍል ከፈተ፣ ጋራዥ ከፈተ፣ የእኔው ክፍል ባለሙያዎች ሳይቀሩ ከፈቱ። ጡረታ የወጡ አንድ መሐንዲስ አድራሻቸው ሳይሰረዝ ቀርቶ ኖሮ እሳቸውም ቤታቸው ሆነው ከፈቱ። ያልከፈተችው ባለቤቴ ብቻ ናት። ደንቡ እንደሚያዘው መልእክቱን ወደ እኔ አስተላልፋ «አጠራጣሪ ነው» ብላ አመለከተች። በምን እንደነቃች ስጠይቃት ሳቀችብኝ።

«‹ከዚህ በታች ያለውን› የሚል ሰው በዓለም ላይ አንተ ብቻ ነህ። ማቀዝቀዣው ላይ የምትለጥፍልኝ ወረቀት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» አለችኝ።

ውጤቱን ይዤ ዋናው ዘንድ ስገባ ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ የሚስቴ ነገር ነዋ። ዋናው ሪፖርቱን አዩና ፊታቸው በራ።

«ሁሉም ታዘዙኝ ማለት ነው?»

«ሁሉም ተሸወዱ ማለት ነው፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ።»

«በስሜ መጣላቸው፣ ወዲያው ፈጸሙ። ይህ እኮ ቀላል ነገር አይደለም! መጽሐፌ ውስጥ አስገባዋለሁ።» ጣታቸው በገጹ ላይ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ቆመ። «ይቺ ያልታዘዘችው ማን ናት?»

ባለቤቴ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ጥፋቷ «የበላይ ኃላፊን መልእክት በጥርጣሬ ዓይን ማየትና ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ መስጠት» ነው። ሦስተኛው ወገን እኔ ነኝ፣ ባሏ። በእኛ ደንብ ከመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ቀጥሎ ያለው ስንብት ነው፤ አንዲት ነገር ብትገኝባት ዕቃዋን ጠቅልላ መውጣት ነው። ላስረዳ ወደ ዋናው ተመልሼ ብገባ «ሚስትህ ባትሆን ትከራከርላት ነበር?» አሉኝ። እከራከር ነበር፤ ግን ይህን ማን ያምነኛል?

የዚያን ዕለት ባለቤቴ ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«እንካ አንብበው። ያንተ ድርሰት ያመጣው ነው።»

ከዚያ በኋላ ኩርፊያ ሆነ። የምንነጋገረው በአማቴ በኩል ብቻ ነው። አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ በልጃቸውና በእኔ መካከል ሲፈርዱ ለእኔ የማድላት መልካም ልማድ ነበራቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ነገሩን አስረዳኝ። የውሸቱን ደብዳቤ የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«የነቃችው እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«የተቀጣችውስ?»

«እሷው።»

«አንተንስ ምን አሉህ?»

«አመሰገኑኝ።»

«እኔም ብሆን አኮርፍህ ነበር» አሉና ተነሥተው ሄዱ።

በመጨረሻ ባለቤቴ ራሷ ተናገረች። ዕቃ እያጠበች ነበር፤ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነው የጀመረችው።

«አጥፍቼ ቢያባርሩኝ ምንም አይመስለኝም። ሥራዬን በደንብ ስለሠራሁ ከሆነ ግን አልችለውም። ያንን ክፍል እኮ ከዜሮ ነው ያቋቋምኩት።»

ዞር ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እስከዚያ ድረስ ነገሩን ለጓደኞቼ እንደ ቀልድ ሳወራው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላወራሁትም። «ሁለተኛ አንቺ ላይ እንዲደርስ አላደርግም፤ በእኔ ጣይው» አልኳት። እንዴት እንደማደርገው ግን የማውቀው ነገር አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ የቦርድ አባላት ሊጎበኙን መጡ። ዋናው ስለ ኔትወርካችን ጥበቃ ንግግር የሚያደርጉበት ቀን ነው። የጥበቃው ሠራተኛ እኔ እንደመሆኔ መጠን አልተጋበዝኩም። ጠዋት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ናት፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋለች።

«ከዋናው መልእክት መጥቶልኛል። የኃላፊዎች እድገት ዝርዝር ነው፣ ከምሳ በፊት ከፍተሽ አረጋግጪ ነው የሚለው። ያንተ ሥራ ነው እንዴ ደግሞ?»

«በእማማ ሞት! የእኔ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሳልከፍተው ቀርቼ የእውነት ከሆነ አበቃልኝ። ከፍቼው የውሸት ከሆነስ?»

«የውሸት ከሆነ ቫይረሱ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ይቆልፋቸዋል። ከተማው ውሃ አያገኝም።»

«ደግሞ ‹እባክዎ› ይላል።»

ክው አልኩ። «ማን? ዋናው?»

«‹እባክዎ ይክፈቱት› ይላል። መጨረሻው ላይም ‹ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን› አለው።»

ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። መልእክቱ በዋናው ስም ቢመጣም የተላከው ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ከሆነ አድራሻ ነው፤ የተላከውም ዋናው ስልካቸውን አጥፍተው መድረክ ላይ ቆመው ሳሉ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ «እባክዎ» ነበር። ዋናው ያንን ቃል ሲያወጡ የሰማ ሰው የለም። አንድ ጊዜ አሳንሰር ውስጥ ተዘግቶባቸው እንኳ ያሉት «ክፈት!» ነው።

ለሌሎቹ ኃላፊዎች የተላከውን ገና ሳያዩት ሰርቨሩ ላይ አገድኩት። የባለቤቴ ግን ደርሷት አንብባዋለች፤ በዋናው ስም የመጣ ትእዛዝ አንብባ ዝም ብላለች ማለት ነው።

«የውሸት ነው ብለህ ጻፍልኝ» አለችኝ።

«እጽፍልሻለሁ፤ ግን የባሏ ጽሑፍ ነው ብለው ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል።»

«እና?»

«ደንቡ ምን ይላል? የተጠራጠርክ እንደሆነ ላኪውን በአካል ጠይቅ።»

«አሁን? ቦርዱ ፊት?»

«ምሳ ሳይደርስ ነው የተባልሽው።»

ፋይሉን ሳትከፍት ለማስረጃ ያህል ፍላሽ ላይ ገለበጠችው፤ ተያይዘን ወደ አዳራሹ ወጣን። አዳራሹ ውስጥ ትልቁ ስክሪን በርቷል፣ ከዋናው ላፕቶፕ ጋር ተያይዟል። በላዩ ላይ የዋናው ፎቶ፣ ከሥሩ ደግሞ «በብረት አጥር የታጠረ ኔትወርክ» የሚል ጽሑፍ አለ። የቦርዱ ሰብሳቢ መነጽር ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ ማስታወሻ ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል።

ዋናው ሲያዩን ለአንድ አፍታ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ወዲያው እንግዶቹ ትዝ አሏቸውና ፈገግ አሉ። «ምን ነበር፣ እህቴ?» አሉ። እህቴ መባሏ ይበልጥ አስደነገጣት።

«ስላቋረጥኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ጠዋት በስምዎ መልእክት ደርሶኛል። የላኩት እርስዎ ነዎት ወይ ብዬ ነው።»

ዋናው የትኛው መልእክት እንደሆነ እንደማያውቁ እኔ አውቃለሁ። ደብዳቤዎቻቸውን የምትጽፈው ጸሐፊያቸው ናት፤ እሳቸው ግማሹን እንኳ አያዩትም። «አላውቅም፣ ላጣራ» ቢሉ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ነገር ግን ቦርዱ ፊት አላውቅም? በስማቸው የሚወጣውን ነገር የማያውቁ ሥራ አስኪያጅ ሊባሉ?

«በስሜ የመጣውን ሌላ ማን ሊልከው ነው?» አሉ እየሳቁ። «እኔ ነኝ የላኩት።»

የባለቤቴ ትከሻ ወደቀ። እኔ ዝም ልል አልቻልኩም።

«ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ መልእክቱ ከውጭ ነው የመጣው። እርስዎም ያን ጊዜ እዚህ ንግግር ላይ ነበሩ።»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ!»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ምን የሚል መልእክት ነው?»

«እ... የሥራ ጉዳይ ነው።»

«እስቲ እንየው። ከሠራተኞችዎ ጋር እንዴት እንደሚጻጻፉ ብናይ ደስ ይለናል።»

ዋናው ለፍላሹ እጃቸውን ዘረጉ። ባለቤቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ።

«እንዳይከፈት ነው የምመክረው» አልኩ። «ቫይረስ ሊሆን ይችላል።»

«ምክርህን አልጠየቅኩም።»

«እንግዲያው የኔትወርኩን ገመድ ብነቅለውስ?»

«ንቀለው! ካሰኘህ መጋረጃውንም ንቀለው!» እንግዶቹ ሳቁ። ገመዱን ነቀልኩ፤ ዋይፋዩንም አጠፋሁ። አሁን የሚሆነው ሁሉ ከዚያች ላፕቶፕ አያልፍም።

«የሰነዶችዎን ቅጂ ልያዝልዎት?»

«ዞር በል ከፊቴ።»

ዞር አልኩ። ዋናው ፍላሹን በገዛ እጃቸው ሰክተው፣ ፋይሉን በገዛ ጣታቸው ተጫኑት።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ እሳቸውም «አላልኩም?» በሚል ዓይን አዩኝ። ከዚያ የብረት አጥሩ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። ቀጥሎ ፎቷቸው ጠፋ። የሰነዶቻቸው ስም አንድ በአንድ ወደማይነበብ ነገር ተለወጠ፤ «የአመራር ጥበብ፣ ምዕራፍ አንድ» የሚለውም እዚያው መካከል ሲሄድ አየሁት። በመጨረሻ ስክሪኑን የሞላ ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ «ፋይሎችዎ ተቆልፈዋል። እባክዎ ኮምፒውተርዎን አያጥፉ። እባክዎ የሚጠየቁትን በወቅቱ ይክፈሉ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።» በዘመኔ እንደዚያ ጨዋ ሌባ አላየሁም።

ዋናው ክራቫታቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ እንግዶቹ ዞሩ።

«እንግዲህ እንዳያችሁት» አሉ፣ «ይህ እኔ ያዘጋጀሁት ልምምድ ነው።»

አጨበጨቡላቸው! አንዱ የቦርድ አባል እንዲያውም ቆሞ ነው ያጨበጨበው። በሕይወቴ ብዙ ዓይን አውጣ አይቻለሁ፤ ይህኛው ግን ሳላስበው አንገቴን አስነቀነቀኝ። ሰብሳቢዋ ብቻ አላጨበጨቡም፤ ባለቤቴን ነበር የሚያዩት።

«ይህች ሠራተኛዎ ናት የጠረጠረችው?»

«አዎ፣ እሷ ናት» አሉ ዋናው፣ ሌላ መውጫ ስላልነበራቸው። «ባለፈውም ልምምድ የነቃችው እሷ ብቻ ነበረች።»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁላት?»

«በጽሑፍ ተሰጥቷታል» አሉ ዋናው።

ባለቤቴ ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን አየች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ዋናው ቢሯቸው አስጠሩኝ። ልባረር ነው ብዬ ስገባ ላፕቶፗን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ቀዩ ጽሑፍ ፊታቸው ላይ ያበራል።

«መጽሐፌስ?»

«ቅጂ የለውም፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ። እንዳይያዝ ያዘዙት እርስዎ ነዎት።»

«ምንም አይደረግም?»

«ምንም።»

«ስንት ዓመት ነው የጻፍኩት መሰለህ» አሉ። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው አልነበረም። እንደዚያ አልቅሰን ያዳመጥነው መጽሐፍ በመጥፋቱ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በደስታ እንደሚያድር አውቃለሁ፤ ግን እዚያ ቆሜ አዘንኩላቸው። ቤት ሄጄ ይህን ስነግራት ባለቤቴ «አንተ ለሁሉም ነው የምታዝነው» አለችኝ። ኩርፊያው ያን ቀን አበቃ። ማስጠንቀቂያው ግን አላበቃም፤ ማህደሯ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። እሷም በየቀኑ የዋናውን ስም ስክሪኗ ላይ ባየች ቁጥር ልቧ ስንጥቅ ይላል።

ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ደወለችልኝ። «ና እስቲ፣ መልእክት መጥቷል።»

«ከማን?»

«በዋናው ስም ነው። ርእሱ ‹የማስጠንቀቂያ መሰረዝን ይመለከታል› ይላል። አብሮት ፋይል አለ፣ ‹እባክዎ ይክፈቱት› ይላል።»

አድራሻውን አየሁት፤ ከራሳችን ሰርቨር ነው የወጣው። ይህ ግን ብዙ አያጽናናም፤ ዋናው ዛሬም ማንነታቸውን ሁለተኛ ጊዜ ስለማያረጋግጡ፣ የይለፍ ቃላቸውን ያገኘ ሌባ ከዚያው ሰርቨር በስማቸው ሊልክ ይችላል። ባለቤቴ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችው። በዚያ ጊዜ በዓለም ላይ ከዚያ ፋይል የበለጠ ልትከፍተው የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

«ሌባ ቢሆን ደግሞ ይህንኑ ነው የሚጽፍልኝ» አለችና ተነሣች። «እጠይቃቸዋለሁ።»

«ባለፈው እኮ...»

«እጠይቃቸዋለሁ አልኩህ።»

ተከተልኳት። የዋናው ቢሮ በር ክፍት ነበር፤ ጸሐፊያቸው ወረቀት ታስፈርማቸዋለች። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን በስምዎ መልእክት ደርሶኛል። የላኩት እርስዎ ነዎት?»

የዋናው አፍ ለ«አዎ» ተከፈተ። የብዙ ዓመት ልማድ ነውና ቃሉ ጥርሳቸው ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ዓይናቸው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው አዲስ፣ ባዶ ላፕቶፕ ሄደና እዚያው ቀረ።

«አላውቅም» አሉ።

እኔና ጸሐፊዋ ተያየን። ያንን ቃል ከሳቸው አፍ ሰምተን አናውቅም።

«ቆዪ፣ ልጠይቅ» አሉና ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «የዚህችን ልጅ ማስጠንቀቂያ ሰርዢው ብዬሽ ነበር። ልከሽዋል?»

«አዎ፣ አሁን ነው የላክሁት።»

«‹እባክዎ› ይላል» አለች ባለቤቴ።

ዋናው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «እሱን አንቺ ነሽ የጨመርሽው?»

«እኔ ነኝ» አለች ጸሐፊዋ ደንግጣ። «ላውጣው?»

ዋናው ብዕራቸውን አንሥተው ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈርሙትን ወረቀት ማንበብ ጀመሩ።

«ተዪው» አሉ።

ባለቤቴ አመስግና ወረደች። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ፋይሉን ከፈተችው።